የአሞራ ገደሏ ዓሣ ቤት በሟች ጓደኛዬ መለኪያ

ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሰሌዳ ያልተሰቀለባት አንዲት ትንሽ ዓሣ ቤት አለች። የሥራ ዘመኑን በሙሉ በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት አገልግሎ ባለፈው ዓመት ያረፈው ጓደኛዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ የሚሄደው ወደዚችው ቤት ስለነበር፣ ከለቅሶው ወዲህ ሰሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ በእሱ መለኪያ ልመዝናት አሰብኩ።

ምግቡ እንደ ድሮው ነው። ቆሮሶውን ጎንና ጎኑን በቢላዋ ተልትለው ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ይጠብሱትና ከዳጣ ጋር ያቀርቡታል፤ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ሲነካ ይላቀቃል። ሾርባው ግን ቀጥኗል፣ ጨውም በዝቶበታል። ወደ ሐይቁ የሚያየውን ጠረጴዛ የሚመርጥ ሰው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ እያየ መብላቱን ይወቅ። ደረሰኝ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ ይህም የጓደኛዬ ሥራ ነው፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ከወንበሩ አይነሣም ነበርና።

የእሱ ዋና ምዘና ግን ከጓሮ ይጀምር ነበር። ከመቀመጡ በፊት የእጅ መታጠቢያውና የዓሣ ማጠቢያው ውኃ የት እንደሚወርድ አይቶ ይመጣል። የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ጥቁር ውኃ ያለ ገባር እንጂ ከእሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለው፣ ጎርፍ ጠርጎ የሚያስገባው ቆሻሻ መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ «ያፈሰሳችሁትን ነው መልሳችሁ የምትጠብሱልን» እያለ ባለቤቲቱን ያሳቅቃት ነበር። እውነቱን ለመናገር የምሳ ሰዓት የቢሮ ሥራ አስመስሎብኝ እኔም እሳቀቅ ነበር።

በእሱ ውትወታ ያስቆፈረችው የፍሳሽ ጉድጓድ ዛሬም ክዳኑ እንደተገጠመ ነው። ከጎኑ ግን አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ተዘርግቶ አየሁ። ባለቤቲቱን ጠርቼ ሳሳያት፣ «ጉድጓዱ ሞልቶ ነው ጋሼ፣ ለጊዜው ነው» አለችኝ። ጓደኛዬ በማዘጋጃ ቤት ቆይታው አምርሮ የሚጠላት ቃል ይህች «ለጊዜው» ነበረች፤ የከተማው ግማሽ ችግር በእሷ ተፈቅዶ የተሠራ ነው ይል ነበር።

ለጥብሱ ስል ቤቷን ለማንም እጠቁማለሁ። እኔም ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን በጓሮ በኩል ነው የምገባው።