ሃያ ሦስት ማሰሮ አበባ በአንዲት ስቱዲዮ፦ የቤት ውስጥ ዲዛይን አገልግሎት ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም፣ አልጋዬና ምድጃዬ ከ23 ማሰሮ አበባ ጋር ሲጋፉ ከርመው፣ ዓምና ጥቅምት ላይ ቤቱን እንዲነድፍልኝ ከአንድ አነስተኛ የዲዛይን ድርጅት ጋር ተዋዋልኩ።

ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ሜትር ከማውጣቷ በፊት ነጭ ወረቀት ወለሉ ላይ አንጥፋ እጇን በላዩ ዘረጋች። የእጇ ጥላ ጠርዙ ጥርት ብሎ የወጣበትን ስፍራ ብርሃን ለሚሹት፣ የደበዘዘበትን ደግሞ እንደ ሳንሴቬሪያ ጥላ ለሚችሉት መደበች፤ ይህንኑ ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ደገመችው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለሆነም ወደ ደቡብ የሚያየው ብቸኛ መስኮቴ በበጋ ፀሐይ ሲገባበት፣ በክረምት ደመናው ተጨምሮበት ይጨልማል። የማሰሮዎቹን መደርደሪያ ባለጎማ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐምሌ ላይ ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት፣ ኅዳር ሲገባ ቅጠሉ እንዳይቃጠል ፈቀቅ አደረግሁት።

ግድግዳውን አለመንካቷንም አደንቃለሁ። ግድግዳዬ ውስጡ ክፍት ከሆነ ብሎኬት የተሠራ ነው፤ ውሃ የጠጣ አፈር የሞላበት ማሰሮ ከላዩ ቢሰቀል ክብደቱ ፊሸሩን (ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ የሚይዘውን ፕላስቲክ) ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። መደርደሪያው ከቱቦላሬ ተበይዶ በራሱ ቆሟል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ከሥሩ ለሁለት ጀሪካን የሚበቃ ቦታ ተትቶለታል።

ቅሬታዬ በመደርደሪያው ጣውላ ላይ ነው። ንድፉ ላይ የእንጨት ቀለም ያለው ሆኖ ያማረኝ የመደርደሪያው ወለል ኤም.ዲ.ኤፍ. (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ነበርና፣ በሦስተኛው ወር ከማሰሮዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ጠርዙን እንደ ቦካ ሊጥ አሳበጠው። አበባ ውሃ ለሚጠጣበት መደርደሪያ ይህን መምረጥ ሊታለፍ የማይገባ ስሕተት ነው። ድርጅቱ አንድ ወር ሙሉ ካመላለሰኝ በኋላ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ የላሜራ ትሪ ሠራልኝ፤ ግማሹን ወጪ ግን ከእኔ ተቀበለ።

ያም ሆኖ ብርሃንን ለሚያነብ ዓይኗ ስል ለሌላ አበባ ወዳድ ያለማመንታት እጠቁማታለሁ፤ የመደርደሪያው ወለል ከምን እንደሚሠራ ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በውሉ ላይ አስጽፉ።