ደብተሩን ለጻፈልን የስልክ ባለሙያ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና አካባቢው ያላችሁ፣ የመሥሪያ ቤት ስልክ ያስቸገራችሁ ሰዎች፣ እስኪ ቡናችሁን ያዙና ይቺን አንብቡ። ትንሽ ትረዝማለች። አንድ ልጅ ላመሰግን ነው፤ ምን እንዳደረገልን ሳልናገር ደግሞ ምስጋናው ባዶ ይሆንብኛል።

እኔ እዚህ ደሴ አንድ ክሊኒክ አስተዳድራለሁ። ሁለት ሕንፃ፣ መሀሉ ግቢ፤ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ የሐኪሞች ክፍሎች፣ በሩ ላይ ዘበኛችን። በ2014ቱ ጦርነት የድሮዋ የስልክ ማዞሪያችን ከሌላው ዕቃ ጋር ሄደች። ተመልሰን ስንቆም የነበረን አንድ የካርድ ክፍል ስልክ ብቻ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርስ አንዷ በረንዳ ላይ ወጥታ "የ12 ቁጥር ደርሷል!" ብላ ትጮኻለች፤ ግቢው ሙሉ ይሰማል። ከጦሳ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ የሚጮኸውም አይሰማም።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ሌላ ሰው ነበር፤ ስሙን አላነሳም። ፍሪስዊች የሚባለውን የነፃ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫነ፣ ሁለቱን መደበኛ መስመሮቻችንን ጌትዌይ በሚባል ሳጥን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ፣ የጠረጴዛ ስልኮቹን አደለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ስልኩ ይሠራል። ግን ከክፍል ክፍል ስንደውል ቁጥሩን ከጫንን በኋላ ጭጭ ይላል፤ ጭጭ ይላል፤ ከዚያ ነው የሚጠራው። "ኔትወርኩ ነው" ስንል፣ "ስልኮቹ ርካሽ ስለሆኑ ነው" ስንል ዓመት ሞላን። ሐኪማችን ላቦራቶሪ ከመደወል ግቢውን በእግሩ ማቋረጥ ይቀለው ነበር።

አንድ ወር ላይ ታዲያ የስልክ ሂሳቡ መጣ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ዘበኛው ብቻ ባለበት፣ ስማቸውን እንኳ ሰምተን ወደማናውቃቸው አገሮች ተደውሏል። ያን ባለሙያ ብንደውል አያነሳም። ፓስወርዱ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልተወልንም።

ይህን ልጅ የፋርማሲ ባለሙያችን ነው የጠቆመኝ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን በሚኒባስ ወጥቶ መጣ፤ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥም አለ። ላፕቶፑንም አልከፈተም። የካርድ ክፍሉን ስልክ አንስቶ ላቦራቶሪ ደወለ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እየቆጠረ ነው። ስልኩ እዚያ ማዶ ሲጠራ እሱ አስር ላይ ደርሷል።

"እትየ፣ ሁልጊዜ እንዲህ 10 ሰከንድ ይጠብቃል?"

"ሁልጊዜ።"

"አብሽሩ። ፓስወርዱ 1234 ነው።"

ጠንቋይ ነው እንዴ ብዬ ነበር። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ ፍሪስዊች ሲጫን ከ1000 እስከ 1019 ያሉ 20 የውስጥ ቁጥሮች አብረውት ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ የሁሉም ፓስወርድ 1234 ነው። የጫነው ሰው ካልቀየረው፣ ሠሪዎቹ ሆን ብለው በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ የ10 ሰከንድ መዘግየት አስገብተዋል፤ ሰው ተሰላችቶ እንዲቀይረው ነው። መዝገቡ ላይም "ፓስወርዱን ቀይሩ" የሚል ማስጠንቀቂያ በየጥሪው ይጽፋል። ሶፍትዌሩ ዓመት ሙሉ ሲነግረን ከርሟል፤ የሚያነብለት ነው የጠፋው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሰው ከቤቱ ሆኖ ለመጠገን ብሎ ራውተራችን ላይ 5060 የሚባለውን የጥሪ መግቢያ ለዓለም ሁሉ ከፍቶት ነበር። ኢንተርኔት ላይ ይህን በር ሌት ተቀን የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። ቁጥሩ 1000፣ ቁልፉ 1234፤ ገብተው በእኛ መስመር ደወሉ።

ልጁ በሩን ዘጋ፤ ለእያንዳንዱ ስልክ ለየብቻው ረጅም ፓስወርድ ሰጠ። ወደ ውጭ የሚወጣውን ጥሪም በደንብ አሰረው፦ ዜሮ፣ ቀጥሎ ዜሮ ያልሆነ አሃዝ፣ ከዚያ 8 አሃዝ፤ በጠቅላላው 10። የኛ 033ም፣ 09ኙም፣ 07ቱም በዚህ ያልፋሉ፤ በ00 የሚጀምረው የውጭ አገር ጥሪ ግን በሁለተኛው አሃዝ ላይ ይወድቃል። እንደ 907 ያሉትን ባለሦስት አሃዝ ቁጥሮች ለብቻቸው ፈቀደ፤ አምቡላንስ የማይጠራ ክሊኒክ ምን ይሁን? ሌላም ነበር፦ ደዋዩ ዘግቶም መስመሩ እንደተያዘ ይቀራል፣ ቀጣዩ ሰው ሲደውል "ተይዟል" ይሰማል። ጌትዌዩ የኛን አገር የመዝጊያ ድምፅ ስለማያውቀው ነው አለ። ድምፁን ቀድቶ፣ ለክቶ፣ ለጌትዌዩ አስተማረው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ዘመዴ አጠገቡ ተቀምጦ "እንግዲህ ከተከፈተ አይቀር፣ ከዐረብ አገር የሚመጣውን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብለን በዚህ መስመር ብናሳልፈው አንጠቀምም?" አለው። ልጁ ብሎን ማጥበቁን ሳያቆም "እሱ በአዋጅ 761/2004 ያሳስራል፣ እኔም አልሠራውም" አለ። ወሬው እዚያው ቀረ።

ሦስተኛው ቡና ላይ "ይሄ ነገር በነፃ ከሆነ ማን ሠራው?" አልኩት። ነፃ ነገር አላምንም። እሱም በፈረንጆቹ 1999 ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ለትንሽ ድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ መግዣ ገንዘብ ቢያጣ ራሱ ቁጭ ብሎ አስተሪስክ የሚባለውን የማዞሪያ ሶፍትዌር እንደጻፈ አጫወተኝ። ለአስተሪስክ ኮድ ያዋጣ የነበረው አንቶኒ ሚኔሳሌ ደግሞ ቆይቶ ከመሠረቱ አዲስ ልሥራ ብሎ ፍሪስዊችን ጀመረ፤ 1.0 የተባለው በ2008 ወጣ። ገንዘብ አጥቶ ማዞሪያ የሠራውን ሰው ወደድኩት። እኛም ያው ነን።

አሁን ወደ ደብተሩ።

ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። ሂሳቡን ሲያቀርብ ግን ሁለት መስመር ነው፦ "ለሥራው" እና "ለመጻፉ"። ለመጻፉ የጠየቀው ከሥራው ሲሶ ይሆናል። እውነቱን ልናገር፣ ተከራከርኩ። "ልጄ፣ ሠርተህልኛል፤ የምትጽፈው ለማን ነው?" አልኩት። "እኔ ለማልመጣበት ቀን ነው፣ እትየ" አለኝ። ሌላ ሦስት ቀን እየተመላለሰ ጻፈ። ግቢውን በእግሩ እየለካ፣ የእያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ቁጥር እየለጠፈ፣ ሠራተኛውን ሁሉ "ይሄን ስልክ የት ነው የምታስቀምጪው? ሲጠራ ማን ነው የሚያነሳው?" እያለ።

ደብተሩ በአማርኛ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የግቢው ካርታ ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ስልክ፣ ቁጥሩና የሚቀመጥበት ቦታ። ፓስወርዶቹ ደብተሩ ላይ የሉም፤ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ናቸው፤ ደብተሩ የሚለው "ፖስታውን የከፈተ ሰው ቀኑንና ስሙን ጽፎ መልሶ ያሽግ" ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት የማዋቀሪያ ፋይሎች ራሳቸው ከየመስመሩ በላይ የአማርኛ ማስታወሻ አላቸው፤ ማሽኑ ማስታወሻውን ዘሎ ያልፈዋል፣ ሰው ያነበዋል። ቀጥሎ የሚመጣ ባለሙያ ምን እንደተቀየረ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተቀየረም ያገኛል።

እኔ ደጋግሜ የማነበው የሰዓቱን ገጽ ነው። ክሊኒኩ ሲዘጋ ጥሪው ወደ ተረኛ ነርስ እንዲዞር አድርጎታል፤ የሰርቨሩ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰዓት ግን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ጻፈ፦ "ሰርቨሩ 8 ሲል እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ 20 ሲል ከምሽቱ 2 ሰዓት። ከ7 በታች ከሆነ 6 ደምሩ፤ ከ7 ጀምሮ 6 ቀንሱ፤ የቀረው ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ።" ከሥሩ ደግሞ፦ "ለሰርቨሩ እሑድ 1 ነው፣ ሰኞ 2 ነው። ሰኞ ከግዕዙ ሰኑይ የመጣ ነው፣ ሁለተኛ ማለት ነው፤ ስለዚህ አይጠፋባችሁም።" እንዲህ ያለ የቴክኒክ ጽሑፍ በዕድሜዬ አላየሁም።

ለደዋዩ የሚናገረውን ድምፅ የቀዳችው የካርድ ክፍሏ ልጅ ናት። ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው እንግሊዝኛ ነውና "የኛ እናቶች ይህን ሰምተው ይዘጉታል" ብሎ እምቢ አለ። መጋዘኑ ውስጥ ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ልጅቷን መሀል አቁሞ ቀዳት። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ እንደለመደችው እንደ በረንዳው ጮኸች፤ ስቀን አላበቃንም። አሁን የሚሰማው "እንኳን ደህና መጡ፤ ለካርድ ክፍል 1ን፣ ለላቦራቶሪ 2ን ይጫኑ" ረጋ ያለ የወሎ ልጅ ድምፅ ነው። ደዋዮች "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" እያሉ ይጠይቁኛል።

ዘበኛችንን አያን ስልክ ማስለመድ ነበር ከባዱ። ልጁ 9196 ደውል አለው። ይህ ቁጥር መፈተሻ ነው፤ የተናገራችሁትን ድምፅ መልሶ ያሰማችኋል፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ከተመለሰ ስልኩ ደህና ነው ማለት ነው። አያ "ሰላም አለይኩም" አለ። ስልኩም "ሰላም አለይኩም" አለ። አያ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው፣ መልሶ ጠጋ አደረገና "አንተ ማነህ?" አለ። "አንተ ማነህ?" አለው። "ባለጌ!" ብሎ ዘጋ።

ገንዘቡ ያልባከነ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩ ዲስክ ተቃጠለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ተሰልፏል፣ ስልኮቹ ሁሉ ድዳ ሆነዋል። ልጁ ወረኢሉ ሰርግ ላይ ነው፤ የሱም ስልክ "አገልግሎት መስጠት አይችልም" ይላል። እኔ እጄን በራሴ ላይ ጫንኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ግን ደብተሩን አወጣች። "ሰርቨሩ ጨርሶ ካልተነሳ" የሚለው ገጽ 14 ላይ ነው። ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ባትሪ አበራለሁ። "1፦ ከግድግዳው ንቀሉ፤ ከዩፒኤሱ (ከመጠባበቂያ ባትሪው) ብቻ አይበቃም።" ነቀልን። "2፦ የመሳቢያው ዲስክ ላይ ቢጫ ምልክት አለ።" አለ። "3፦ 4 ብሎን ነው፤ ብሎኖቹን ሲኒ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሬት ላይ ከወደቁ አይገኙም።" ሲኒ አመጣን። ቅጂውን ዲስክ ከተተች፣ አጠበቀች፣ አበራች፣ ደብተሩ እንዳለው 3 ደቂቃ ጠበቀች፣ 9196 ደወለች። ፊቷ ሲፈካ አየሁት። ከተበላሸ እስኪነሳ 40 ደቂቃ አልፈጀም፤ ብዙውን የወሰደው ቢላዋ የመሰለውን ብሎን መፍቻ ፍለጋ ነው። ልጁ ሰኞ ሲመለስ የቀረው ሥራ አዲስ ቅጂ አዘጋጅቶ መሳቢያው ውስጥ መመለስ ብቻ ሆነ። ያን ቀን ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ቡና ጠጣ።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለዚያ ዘመዴ ነው ትላላችሁ። ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል፤ "ሐረጎ ላይ ጭጋግ ነበር" የማትጠፋ ምክንያቱ ናት። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አይገኝም። የስልክ ባለሙያ ሆኖ ስልክ ማንሳት አይወድም፤ መልእክት ስትልኩለት ግን በዚያው ቀን ይመልሳል። ሲሠራ ጥያቄ ያበዛል፤ የሚቸኩል ሰው ይናደድበታል። ዋጋውም ከሌላው ይወደዳል፣ "ለመጻፉ" የምትለዋ መስመር ስላለች። እሷን ቀንስ ብላችሁ እንዳትከራከሩት፤ እኔ ተከራክሬ አፍሬያለሁ።

ሌላ ባለሙያ ካላችሁም ግድ የለም፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ፓስወርዶቹ የት እንዳሉ፣ የዲስኩ ቅጂ የት እንዳለ፣ እሱ በሌለበት ቀን ማን ምን አንብቦ እንደሚያስነሳው። እያቅማማ ከመለሰላችሁ ነገሩ የኔ የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጠፍኩም፤ ራሱ "አደባባይ አታውጡኝ" ስላለኝ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። የዚህን የመልእክቱን ማለቴ ነው እንጂ የክሊኒኩን አይደለም፤ ክሊኒኩ ደውላችሁ 1009ን ብትጫኑ የምታገኙት አያን ነው። እሱም ማታ ማታ 9196 ላይ ካ"ባለጌው" ጋር ስለሚጫወት ተይዞ ታገኙታላችሁ።