«ቁልፍ አለው» ተብዬ የገዛሁት ቁም ሳጥን፦ ከ8 ወር በኋላ

«ቁልፍ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ። «እንዴታ!» አለኝ ደላላው። ዋሸ ማለት አልችልም። በእኛ አማርኛ በሩ ላይ የተመታውም ቁልፍ ነው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባውም ቁልፍ ነው። እሱ የበሩን ነበር የሚያወራው፣ እኔ የኪሱን።

ሳጥኑ ባለ ሦስት በር፣ የዋንዛ ነው። እንጨቱን አላማም። ግን የድሮ ቁም ሳጥን ብዙ ጊዜ እጀታ የለውም፤ ቁልፉ ራሱ ነው እጀታው። ቁልፍ ከሌለ የሚጎተት ነገር የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሸሚዜን ያወጣሁት በሩን በማንኪያ ጭራ እየፈለቀቅኩ ነው። እናቴ አንድ ቀን አይታኝ «ልጄ፣ ሌባ መሰልክ እኮ» አለችኝ።

ሰፈራችን ያለው ቁልፍ ቀራጭ «ናሙና ከሌለህ ምን አይቼ ልቅረፅ? መቆለፊያውን ፈትተህ አምጣ» አለኝ። ካቻቪቴ ይዤ ገባሁ። ለካ ሦስቱም አይመሳሰሉም! የመሃሉ የራሱ ነው። የግራው ከሌላ ሳጥን የተነቀለ ይመስላል። የቀኙ ጭራሽ የመሳቢያ ነው። የመሳቢያ ምላሱ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ የበር ወደ ጎን። አንዱ ጎበዝ አጋድሞ መትቶታል። ቀዳዳውም አብሮ ተኝቷል።

የመሃሉን ይዤ መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ውስጡ ሚስማር የመሰለች ዘንግ አለችው። እንዲህ ዓይነቱ የሚቀበለው ጫፉ እንደ ቧንቧ ክፍት የሆነ ቁልፍ ብቻ ነው። ከዛገ ቁልፍ ክምር ውስጥ አንዱ ልክ ገባ፣ ግን አልዞረም። ቀራጩ ጥርሱን በሊማ ትንሽ ነካ ነካ አደረገው። ዞረ! ዘይት እንዳልቀባውም መከረኝ፤ አቧራ ይሰበስባል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ነው ያደረግኩበት።

ቤት ስገባ እስቲ ብዬ የግራውን ሞከርኩት። እሱንም ከፈተው። የድሮ የቤት ዕቃ ቁልፍ ውስጡ ቀላል ስለሆነ አንዱ የሌላውን መክፈቱ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን የዚያን ማታ ያለ ምክንያት አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ።

ደላላው ይህን ቢሰማ «አላልኩህም?» ይለኝ ነበር። አላልከኝም ወንድሜ! ያልከኝ «እንዴታ» ነው። በእንጨቱ ከሆነ ነገም እገዛዋለሁ። በቁልፉ ከሆነ ግን የሁለት ወር ጠዋቴን መልስልኝ።

የቀኙን በር አሁንም በማንኪያ ነው የምከፍተው። ማንኪያዋም ወጥ ቤት መመለስ ትታለች፤ ሳጥኑ ላይ ነው የምታድረው።