ስለ ቡድን ተጽዕኖ የሚያስተምር የቪዲዮ ኮርስ፦ ትረካው ጥሩ፣ አኃዙ ጎዶሎ

ሰሞኑን ከፍዬ እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት በአማርኛ የተዘጋጀ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ኮርስ፣ ሰው በሌሎች ፊት ሐሳቡን እንዴት እንደሚለውጥ የመረመሩ የታወቁ ሙከራዎችን ያቀርባል። የአዘጋጆቹን ስም ትቼ ይዘቱን ብቻ እገመግማለሁ። የተራኪው አማርኛ የጠራ ነው፤ ቪዲዮዎቹን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት መቻሉም ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሁሉም የተዋጣለት ስለ ሰለሞን አሽ የሚያወሳው ክፍል ነው። አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ባካሄደው ሙከራ ወጣት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ በአንድ ካርድ ላይ የተሰመረው መስመር በሌላው ካርድ ካሉት ሦስት መስመሮች ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ተራ በተራ ጮክ ብለው ይናገራሉ። እውነተኛው ተፈታኝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አስቀድመው ከአጥኚው ጋር የተስማሙ ናቸው። ተፈታኙ ወደ መጨረሻው ተቀምጦ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ምንም ሳይሸማቀቁ የተሳሳተውን መስመር ሲጠሩ ይሰማና አንገቱን አስግጎ ካርዱን ደግሞ ደጋግሞ ያያል። ኮርሱ ይህን ጭንቀት በሥዕል ሲያሳይ ተመልካቹን ራሱን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ውጤቱ ሲነገር ነው። ተራኪው «ከአራት ሰዎች ሦስቱ ለቡድኑ ተገዙ» ብሎ ያልፋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከተሳሳተው ቡድን ጋር ተስማምተዋል። ይሁን እንጂ ቡድኑ ሆን ብሎ በተሳሳተባቸው 12 ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ቡድኑን የተከተሉት 37 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከተፈታኞቹ አንድ አራተኛ ያህሉ አንድም ጊዜ አልተበገሩም። ከዚህ የሚብሰው ግድፈት ደግሞ፣ በክፍሉ ውስጥ ትክክለኛውን መልስ የሚናገር አንድ ሌላ ሰው ሲገኝ ቡድኑን የተከተሉ መልሶች ወደ ቀድሞው ሩብ ገደማ መውረዳቸው አለመነገሩ ነው። ተፈታኙ መልሱን ለብቻው በጽሑፍ ሲሰጥም ተጽዕኖው በእጅጉ ይቀንሳል። አሽ ከሙከራው በኋላ ካነጋገራቸው መካከል ብዙኃኑ ልክ ነው ብለው ያመኑ እንደነበሩ ሁሉ፣ የጥናቱን ውጤት ላለማበላሸት ሲሉ የተስማሙም ነበሩ። ይህ ሁሉ ከሌለ ተማሪው የሚይዘው የጉዳዩን እኩሌታ ነው።

የሙዛፈር ሸሪፍ የ1935 ጥናት በጥቂት ደቂቃ ታልፏል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የማይንቀሳቀስ ብርሃን የሚንቀሳቀስ ሲመስል፣ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ግምታቸው እየተቀራረበ ይሄዳል። የጠራ መልስ በሌለበት ሌላውን መስማት እና ዓይን ያየውን መካድ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን መቅረብ ነበረባቸው።

ስታንሊ ሚልግራም በዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ሰዎች ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ መስሏቸው የአጥኚውን ትእዛዝ እስከ የት እንደሚፈጽሙ ለማየት ስላካሄደው ሙከራ የተሰጠው ትምህርት ግን የተሟላ ነው። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ 450 ቮልት መቀጠላቸው ብቻ ሳይሆን፣ አብረው የተቀመጡ ሁለት ረዳቶች «አንቀጥልም» ባሉበት ዙር ከ40 እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ መሆናቸውም ተነግሯል። የአጋርን ጉልበት እዚህ ያስታወሰ ኮርስ እዚያ መርሳቱ ያስገርማል፤ ሚልግራም የአሽ ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው መሆኑን ቢያነሱት ኖሮ ድልድዩ በራሱ በተሠራ ነበር።

ደካማው ክፍል ተማሪዎች የጠባቂና የእስረኛ ሚና ይዘው የገቡበት የፊሊፕ ዚምባርዶ የ1971 የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ ነው። ጠባቂዎቹ ከራሳቸው ተነሥተው የጨከኑ ተደርጎ ቀርቧል። በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶችና ቅጂዎች ግን አጥኚዎቹ ጠባቂዎቹን ጠንከር እንዲሉ ይገፋፉ እንደነበር ያሳያሉ፤ በገንዘብ በሚሸጥ ትምህርት ይህን መዝለል ይቅር የሚባል አይደለም። እንዲሁም በ1996 የወጣው፣ ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 ጥናቶችን ያጠቃለለው ሥራ፣ የጋራ ኑሮ በሚጎላበት ባህል ለቡድን መገዛት ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ለአማርኛ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ ይህ ሆኖ ሳለ አንድ ቃል አልተባለበትም።

የማጠቃለያ ፈተናው አብዛኛው የዓመተ ምሕረትና የስም ሽምደዳ ነው። ዋጋው ግን አይበዛም፤ ለጀማሪ ተማሪ የአሽና የሚልግራም ክፍሎች ብቻ ገንዘቡን ያወጣሉ። የሥነ ልቦና ተማሪ የሆነ ሰው ግን አዘጋጆቹ የስታንፎርዱን ክፍል እስኪያርሙ ቢጠብቅ እመርጣለሁ።