ፓርት ዋን ወይስ ፓርት ቱ? ፍላሻችሁን ከማስሞላታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ሁለት ፊልም ወዳዶች ቡና ላይ ከተገናኙ ክርክር አይቀርም። በኦሮምኛ ይጀመርና በአማርኛ ይጦፋል፣ ወይም በተቃራኒው። "ፓርት ቱ ይበልጣል" ይላል አንዱ። "ፓርት ዋንን በደንብ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው" ይላል ሌላው። ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ዶርም እስከ መርካቶ ሱቆች የምሰማው ሙግት ይኸው ነው።

ሙግቱ ደስ ይላል። ፍላሽ ይዞ ፊልም ቤት ለቆመ ሰው ግን ብዙም አይጠቅመውም። ኪሱ ያለው ብር የተወሰነ ነው፣ ፍላሹም ግማሹ በሙዚቃ ተሞልቷል። እሱ ማወቅ የሚፈልገው አንዱን ብቻ መውሰድ ካለበት የትኛውን እንደሚወስድ ነው። ስለዚህ "የትኛው ይበልጣል" የሚለውን ለቡናው ትቼ፣ የትኛው ብቻውን እንደሚቆም እና የትኛው ያለ ወንድሙ እንደማይሆን ልለይላችሁ። ርዝመቱንም እነግራችኋለሁ። ክረምት ላይ መብራት ደስ ባለው ሰዓት በሚሄድበት ከተማ የፊልም ርዝመት ቀልድ አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ተርሚኔተር፦ ሁለተኛውን

እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። የ1984ቱ በ6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ነው። የ1991ዱ 100 ሚሊዮን አካባቢ ፈጅቷል። ሁለቱንም ያዘጋጀው ጄምስ ካሜሮን ነው። ልዩነቱን ያመጣው ግን ብሩ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ቦሱ ነው፤ ሴትዮዋን፣ ሳራን፣ ሊገድል ነው የመጣው። በሁለተኛው ያው ሰውዬ አክተር ሆኖ ተመለሰ፤ አሁን የመጣው ልጇን ሊጠብቅ ነው።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። ሳራ ከአእምሮ ሆስፒታሉ እያመለጠች ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሊፍቱ ይከፈትና ሰውዬው ይወጣል። ስታየው እግሯ ይከዳታል። ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀች ወደ ኋላ ትሸሻለች። ፓርት ዋንን ያየ ሰው ለምን እንደጮኸች ያውቃል። ያላየውም ከፊቷ ላይ ያነበዋል። ብቻውን ይቆማል የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

"የመጀመሪያው ያስፈራል፣ ሁለተኛው ቀልድ ጨመረበት" የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። መፍራት የሚፈልግ የመጀመሪያውን ይውሰድ፤ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው 2 ሰዓት ከ17 ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው። እነሱን የምትወስዱት ፍላሹ ላይ ቦታ ተርፎ ሌላ ፊልም ከጠፋ ብቻ ነው።

ጎድፋዘር፦ ሁለቱንም፣ በተራ

በዚህኛው ክርክሩ ይከራል። የ1972ቱ የአካዳሚ ሽልማትን በምርጥ ፊልምነት ወሰደ። የ1974ቱ ደግሞ ስድስት ሽልማት ሰብስቦ፣ በምርጥ ፊልምነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ፓርት ቱ ሆነ። ማርሎን ብራንዶ ቪቶ ኮርሊዮኔን ሆኖ በመጫወቱ ተሸለመ፤ ሽልማቱን አልቀበልም ቢልም። ሮበርት ደ ኒሮ በሁለተኛው ውስጥ ያንኑ ቪቶን በወጣትነቱ ሆኖ ተጫውቶ እሱም ተሸለመ። አንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው አሸለመ ማለት ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ይሄን ያህል ከተመሰገነ ለምን እሱን ብቻ አንገዛም? አይሆንም። ፊልሙ በሁለት ዘመን መካከል ይመላለሳል፤ አባትየው ከባዶ ሲነሳ፣ ልጁ ማይክል ደግሞ ሁሉን ይዞ ብቻውን ሲቀር። ወጣቱ ቪቶ በጣሪያ ጣሪያ እየተራመደ የሰፈሩን ጉልበተኛ ሲከታተል ታች መንገዱ ላይ የበዓል ሰልፍ አለ። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሲተኩስ ጨርቁ በእሳት ይያያዛል። ጨርሶ ይመለስና ሚስቱና ልጆቹ ከተቀመጡበት ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ሕፃኑን ማይክልን ያቅፍና አባትህ በጣም ይወድሃል ይለዋል። ይሄ ሕፃን አድጎ ምን እንደሚሆን ካላወቃችሁ ትዕይንቱ አንድ አባት ልጁን ሲያቅፍ ብቻ ነው። ካወቃችሁ ግን ይከብዳል።

በዕድሜ ጠና ያሉ የማውቃቸው ሰዎች ይሄን ፊልም በጣም ይወዱታል። ለእነሱ የማፊያ ታሪክ አይደለም፤ የውርስ ነገር ነው። ታላቅ እያለ ታናሽ የአባቱን ወንበር ሲይዝ የሚመጣውን ጣጣ እዚህ አገር ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጣጣው ርዝመቱ ነው። የመጀመሪያው 3 ሰዓት ሊሞላ 5 ደቂቃ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው 3 ሰዓት ከ20 ያልፋል። ላፕቶፓችሁ ባትሪው የደከመ ከሆነ በሁለት ምሽት ከፋፍላችሁ እዩት። የ1990ውን ሦስተኛ ክፍል አላስገድዳችሁም። ከገዛችሁት ግን ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ2020 መጀመሪያና መጨረሻውን ቀይሮ እንደገና ያወጣውን ጠይቁ።

ራምቦ፦ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ራምቦ ሲባል የሚታየው የ1985ቱ ነው። ቬትናም፣ ራቁት ደረት፣ የሚፈነዳ ቀስት። እሱ ፓርት ቱ ነው። የሚገርመው፣ ስክሪፕቱ ላይ ከሲልቬስተር ስታሎን ጋር ስሙ የተጻፈው ያው ጄምስ ካሜሮን ነው።

የ1982ቱ ግን ሌላ ፊልም ነው። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይመጣል። ሸሪፉ መልኩን አይወደውም፤ ከከተማው ሊያስወጣው ይፈልጋል። ሰውየው ርቦት ነበር፣ ያ ነው መነሻው። በፊልሙ ሙሉ የሚሞተው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከሄሊኮፕተር ወድቆ። መጨረሻ ላይ አክተሩ የቀድሞ አዛዡ ፊት ያለቅሳል። አክተር ሲያለቅስ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማን ይታገሣል?

እኔ አንዱን ብቻ ከተባልኩ የመጀመሪያውን ነው የምወስደው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኛ ጋር እየጮሃችሁ ልታዩ ከሆነ ግን ሁለተኛው ይመቻል። ሁለቱም ከ1 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፉ ነው፤ መብራት ሳይሄድ ይደረስባቸዋል።

ባሁባሊ፦ ሁለቱንም ወይ ምንም

የህንድ ፊልም አፍቃሪዎች እዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው። ዳይሬክተሩ ራጃሙሊ አንድ ታሪክ ነው ለሁለት የከፈለው፤ በ2015 እና በ2017። ሲጀምር አንዲት ንግሥት ጎርፍ ወንዝ ውስጥ ሰጥማ እጇ ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል። እጇ ላይ ሕፃን አለ። ከዚያ በኋላ ዓይናችሁን አትነቅሉም። ፊልሙ የሚያልቀው ግን በጥያቄ ነው፦ ካታፓ ባሁባሊን ለምን ገደለው? የህንድ ተመልካች መልሱን ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ጠበቀ። እናንተ ፓርት ዋንን ብቻ ይዛችሁ ቤት ከገባችሁ፣ በማግስቱ ዝናብ እየመታችሁ በባጃጅ ወደ ፊልም ቤቱ መመለሳችሁ አይቀርም። ሁለቱ ተደምረው 5 ሰዓት ተኩል ይጠጋሉ። እሑድ ነው የሚያስፈልገው።

ቶሎ ቶሎ የሚያልፉት

ቴክን የመጀመሪያው ብቻ ይበቃል። በ2008 ሊያም ኒሰን ልጁን ፍለጋ ፓሪስ ሲገባ ልብ ያንጠለጥላል። በ2012 ኢስታንቡል ሄደው ነገሩ ሲደገም "ይሄ ቤተሰብ ለምን ቤቱ አይቀመጥም?" ያሰኛል። ሦስተኛውን እርሱት።

ባትማን ከሆነ የ2008ቱን፣ ዘ ዳርክ ናይትን ውሰዱ። የ2005ቱን ሳታዩ ይገባችኋል። ጆከርን የተጫወተው ሂዝ ሌጀር ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ሞቶ የአካዳሚ ሽልማቱን ቤተሰቡ ነው የተቀበለለት።

ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ ላይ ሁሉንም ካልጫንኩ የሚል ሰው ፍላሹን ይጨርሳል። ከ2011ዱ አምስተኛ ክፍል ጀምሩ። ሪዮ ላይ ካዝናውን በመኪና እየጎተቱ የሚሮጡበት ነው።

ለልጆች ሆም አሎንን ካሰባችሁ የ1990ው ይበቃል። የ1992ቱ ያንኑ ወጥመድ ኒውዮርክ ወስዶ መድገም ነው። ልጆች ግን መደጋገም ስለማይሰለቻቸው ሁለቱንም ቢጠይቋችሁ አትገረሙ። ቶይ ስቶሪ ላይ ሁለተኛውን ሳትፈሩ ግዙ። መጀመሪያ በቪዲዮ ብቻ ሊወጣ ታስቦ የነበረ ነው፤ በኋላ ለሲኒማ ሆኖ በ1999 ወጣ፤ ከመጀመሪያው አያንስም።

ትርጉም ወይስ ሰብታይትል?

እንደ ፊልሙ ነው። ራምቦንና ቴክንን በትርጉም ብታዩ የምታጡት ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ተራኪው ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ይጣፍጣል። ጎድፋዘርን ግን በትርጉም አትውሰዱ። ደ ኒሮ ብዙውን የሚናገረው በሲሲሊኛ ነው፣ ዝምታውም ብዙ ነው። ተራኪ ዝምታ አይወድም። ሰብታይትሉ ለብቻው ፋይል ሆኖ ከመጣ ስሙ ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ብዙ ቲቪዎች አያነቡትም።

ከሱቁ ሳትወጡ

ፍላሻችሁ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጥራቱ ከፍ ያለ ጎድፋዘር እንቢ የሚላችሁ ለዚህ ነው፤ ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም። በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ። መጀመሪያ ግን ቲቪያችሁ ኤክስፋት እንደሚያነብ እርግጠኛ ሁኑ፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋም ሙዚቃችሁን አስቀድማችሁ አስገልብጡ። ቆየት ያለ ቲቪ ካላችሁ ኤች 265 የተባለውን ፋይል አትውሰዱ። መጠኑ ያነሰ ስለሆነ ያጓጓል፤ ቤት ስትከፍቱት ግን ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የለም። ኤች 264 ጠይቁ።

ረጃጅሞቹ ፊልሞች አንዳንዴ ለሁለት ፋይል ተቆርጠው ይመጣሉ። አንድ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ጎድፋዘር ሁለተኛ ግማሽ አይቶ ለወራት "ፓርት ቱ ያን ያህልም አይደለም" ሲል ከርሟል። ስለዚህ ጫኙ ልጅ ፋይሉን እዚያው ይክፈትላችሁ፤ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሀሉንና መጨረሻውንም ነካ ነካ ያድርግ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ስጡት።