ፋብሪካዋ የፈረሰባት ሬኖ 4፦ ከእድሳት በኋላ የ14 ወር ትዝብት

ጠዋት ጠዋት ቾኩን ስስብ አሁንም ትንሽ ልቤ ይመታል። አሥራ አራት ወር ነድቻታለሁ። ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ አብረን ሄደናል። ግን አሁንም "ዛሬስ?" ማለቴ አልቀረም። እስካሁን እምቢ ያለችኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም ቀን ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ እመለስበታለሁ።

መኪናዋ የ1979 ሬኖ 4 ጂቲኤል ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 1,108 ሲሲ ሞተር፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ማርሽ። እድሳቷ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቷል። ስለ ድሮ መኪና እድሳት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ቀለሙ የደረቀ ቀን ላይ ያልቃል። ፎቶ ይነሳል፣ "በቃ አለቀ" ይባላል። የእኔ ትምህርት ግን የጀመረው ያን ቀን ነው። የታደሰ መኪና የሚፈተነው ዝናብ ሲመታው፣ ጉድጓድ ሲገባ፣ ሦስት ሰዓት ሳይቆም ሲነዳ ነው።

ከጥሩው ልጀምር። መንገድ ላይ የምታሳየው ምቾት ያስገርማል። ወንበሯ የብረት ቱቦ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል። ከሩቅ ለሚያየው የመናፈሻ ወንበር ይመስላል፤ ለወገብ ግን ከብዙ ዘመናዊ ወንበር ይሻላል። ከሥር ሞላም ባሌስትራም የለም። ክብደቷን የሚሸከመው እየተጠመዘዘ የሚመለስ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ኮረኮንች ላይ ትልልቅ መኪኖች ፍጥነት ሲቀንሱ እሷ ዝም ብላ ታልፋለች። ኩርባ ላይ ደግሞ እንደ ጀልባ ታጋድላለች። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ በሩን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ ይለቀዋል።

ማርሹ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ፊት ስለሆነ የማርሹ ዘንግ ከሞተሩ በላይ አልፎ ይመጣል። ይገፋል፣ ይሳባል፣ ትንሽ ይጠመዘዛል። ለመልመድ አንድ ሳምንት በቂ ነው። ጥቅሙ ወለሉ ዝርግ መሆኑ ነው፤ የኋላ ወንበሩን ካወጣሁ ማቀዝቀዣ ጭኜበት አውቃለሁ።

ፍጥነት? በ90 ደስተኛ ናት። ከ100 በላይ ድምፁ ወሬ ያስቆማል። ፍሬኗ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው። በደንብ ይይዛል፣ ግን ቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። ከፊቴ ያለው ሰው ዘመናዊ ፍሬን እንዳለው እኔ ማስታወስ አለብኝ። እሱ ስለ እኔ አያውቅም።

አንድ የማልረሳው ቀን አለ። ጎማ ላስተካክል ወሰድኳት። ባለሙያው ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ፊቱ ጠቆረ። "ወንድሜ፣ እቺ መኪና ተጋጭታለች፤ ሻንሲዋ ተጣሟል" አለኝ። በአንደኛው ጎን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ከሌላኛው በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። እውነቱን ነው፣ ይበልጣል። ሲፈጥራትም እንዲሁ ነው። የኋላዎቹ ሁለት የሚጠመዘዙ ዘንጎች እያንዳንዳቸው የመኪናዋን ስፋት ሙሉ ይይዛሉ። ጎን ለጎን እንጂ አንድ መስመር ላይ መተኛት አይችሉም። ስለዚህ አንደኛው የኋላ ጎማ ከሌላው ትንሽ ቀደም ብሎ ተቀምጧል። መሐንዲሶቹ አይተው "ይሁን" ብለው ያለፉት ነገር ነው። ሰውየው እስካሁን ያመነኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቅሬታው።

የመጀመሪያው እምቢታ በስድስተኛው ወር መጣ። እድሳቱ ሲያልቅ የድሮውን ኮንታክት ፖይንት (ለካንዴላው እሳት የሚቆርጥና የሚያገናኝ ትንሽ ብረት) አውጥቼ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ቀይሬው ነበር። "ገጥመህ እርሳው" ተብዬ ነበር። እኔም ረሳሁት። አንድ ጠዋት ሞቶሪኖው ይዞራል፣ ካንዴላ ላይ እሳት የለም። እቃው የታሸገ ፕላስቲክ ነው፤ አይከፈት፣ አይጠገን። የድሮውን ኮንታክት ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረግሁት፣ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጌ መለስኩት። ተነሳች። እስካሁንም በዚያው ነው የምትሄደው። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ምናልባት የደረሰኝ አንዱ መጥፎ ይሆናል። ግን መንገድ ዳር በካቻቢቴ የሚስተካከል ነገርን በማይስተካከል ነገር መቀየሬ የእኔ ሞኝነት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የኩራቴ ዋጋ ነው። ቤንዚን የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ ስቀይር ከነማሸጊያው የቆየ፣ ዘመኗ ላይ የተሠራ ቱቦ አግኝቼ እንደ ቅርስ ይዤው መጣሁ። በአራት ወሩ ላብ ጀመረው። የዛሬ ቤንዚን ብዙ ጊዜ ኢታኖል (አልኮል) ይቀላቀልበታል። ለዚያ ያልተሠራ የድሮ ጎማ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል። ፓምፑ ቤንዚን መሳቡን ትቶ አየር ሳበ። ያዳነኝ ሽታው ነው። ኦሪጅናል የሚለው ቃል ለብረት ጥሩ ነው። ለጎማ ነገር ግን ዕድሜ ማለት ብቻ ነው። ዛሬውኑ ለኢታኖል የተሠራ የጎማ ቱቦ ግጠሙ። ይሄን ለነገ አትበሉት፣ እሳት ነው።

ከሁለቱ በላይ ያስመረረኝ ግን የበር ጎሚኒ፣ ዝናብ እንዳይገባ የበሩን ዙሪያ የሚያሽገው ላስቲክ ነው። አዲስ ተመስሎ የተሠራ፣ ሽታው ገና ያልለቀቀ። በሩ አልዘጋ አለ። በትከሻ ተገፍቶ ሲዘጋ ዝናብ ያስገባል። ከሌላ ሻጭ ገዛሁ፣ ያው። እንዴት አንድ ጎሚኒ በሁለት ሚሊ ሜትር ይሳሳታል? መልሱን የነገረኝ የቆየ ሻጭ ነው። ጎሚኒው የሚወጣበት የፋብሪካው የድሮ ቅርጽ ማውጫ የለም። ስለዚህ አንዱ ከአሮጌ መኪና ላይ ጎሚኒ ይነቅላል፣ ያንን ናሙና አድርጎ ያሠራል። የተነቀለው ደግሞ አርባ ዓመት ፀሐይ የመታው፣ የተኮማተረ ነው። የተኮማተረውን በትክክል ይገለብጡታል። ሥራው ጥንቁቅ ነው፣ መነሻው ነው ውሸት።

ያን ቀን ነው ስለ ፋብሪካዋ ማንበብ የጀመርኩት።

ኮፈኗ ሥር አንዲት ትንሽ ሳህን አለች። ቢላንኩር ይላል፤ ፓሪስ ዳር ያለ የሬኖ ሰፈር ነው። ይሄ የድርጅቱ አድራሻ ስለሆነ ብቻውን የትውልድ ማስረጃ አይሆንም። የሬኖ 4 ታሪክ የሚጀምረው ግን እዚያው ነው። ከፓሪስ በስተ ምዕራብ፣ ሴን ወንዝ መሃል ሴጋን የምትባል ደሴት አለች። ሬኖ ከ1929 ጀምሮ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር ፋብሪካ አደረጋት። ከላይ በተነሱ የድሮ ፎቶዎች ስትታይ ወንዝ ላይ የቆመች የጦር መርከብ ትመስላለች። የራሷ የኃይል ማመንጫ ነበራት። በ1942 በቦምብ ተደበደበች፣ ተመልሳ ቆመች። በ1945 ኩባንያው የመንግሥት ሆነ። በ1961 ክረምት ላይ 4ሲቪ የተባለችው የቀድሞዋ ትንሽ ሬኖ ሥራ አበቃና ቦታውን የእኔዋ ዘር ያዘ። እስከ መጨረሻው ድረስ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሬኖ 4 በተለያዩ አገሮች ተሠርተዋል።

ደሴት ላይ ፋብሪካ መሥራት ሲታሰብ ያምራል። ሲሰፋ ግን የት ይሰፋል? እቃው በድልድይ ይገባል፣ መኪናው በድልድይ ይወጣል፣ ከተማው ደግሞ ዙሪያውን ከቦታል። በመጋቢት 1992 ተዘጋ። ሕንጻው ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን ቆሞ በ2004 እና 2005 ፈረሰ። አንድ ባለሀብት በጃፓናዊው አርክቴክት በታዳኦ አንዶ ንድፍ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሊሠራበት አስቦ ነበር፤ በ2005 ትቶት ስብስቡን ይዞ ቬኒስ ሄደ። ዛሬ በደሴቲቱ አንደኛው ጫፍ በ2017 የተከፈተ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። ቆንጆ ነው ይላሉ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የበር ጎሚኒ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን ከዚህ ጋር ሞተሩን አወዳድሩት። የጂቲኤል ሞተር ከመጀመሪያዎቹ ሬኖ 4ዎች ሞተር ሌላ ዘር ነው፤ ስሙን የወሰደው ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን አካባቢ ካለው የክሌኦን ፋብሪካ ነው። በ1962 ተጀምሮ በብዙ የሬኖ ሞዴሎች ውስጥ ገባ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያዋ ትዊንጎ ውስጥ ሳይቀር ነበር። ስለዚህ እቃው ሞልቷል። ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) እየወጣ የሚገባ ዓይነት ስለሆነ ብሎኩን ማስቆረጥ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ካሚቻና ፒስተን በአንድ ላይ ገዝቼ ተካሁ። ኩሽኔታውም ጋስኬቱም ልክ ልኩን ነው የገባው። በ14 ወር ውስጥ ሞተሩ ላይ የሠራሁት ዘይት መቀየርና ቫልቭ ማስተካከል ብቻ ነው።

ክሌኦን እስካሁን ይሠራል። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሞተር ያመርታል። በሰሜን ፈረንሳይ በሞበዥ የምትገጣጠመው አዲሷ ኤሌክትሪክ ሬኖ 4 ሞተሯን የምታገኘው ከዚያው ነው። ስሙ ተመልሷል፣ ከአዲሷ ላይ ግን ለእኔ አሮጊት የሚሆን አንድ ብሎን አይገኝም።

እና አንድ መኪና ውስጥ ሁለት ዕጣ ነው የምነዳው ማለት ነው። በሕይወት ካለው ፋብሪካ የመጣው ግማሽ አያስቸግረኝም። ከሞተው የመጣው ግማሽ፣ ማለትም ላሜራው፣ በሩ፣ ጎሚኒው፣ በየወሩ ያሠራኛል።

ይሄን ሳወራ ጓደኞቼ ሊንጎቶን ያነሱብኛል። በቱሪን ያለው የፊያት ፋብሪካ፣ ጣሪያው ላይ የመኪና መሞከሪያ መንገድ ያለው። በ1923 ተከፈተ፣ በ1982 ተዘጋ፣ አርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ ለውጦት ሆቴልና የገበያ አዳራሽ ሆነ። ከዲትሮይቱ የፓካርድ ፋብሪካ ጋር ሲተያይ ዕድለኛ ነው፤ ያኛው አሥርት ዓመታት ፍርስራሽ ሆኖ ከረመና ባለፉት ጥቂት ዓመታት አብዛኛው ተነሳ። እሺ፣ ለከተማው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለመኪናው ባለቤት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግንቡ ሳይሆን ላሜራውን የሚጫነው ማሽን፣ ቅርጽ ማውጫው፣ ልኬቱ የት ሄደ የሚለው ነው። የድሮዋ ሚኒ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሎንግብሪጅ በሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ሥራዋ በ2000 አበቃ፣ ፋብሪካውን የያዘው ኩባንያም በ2005 ወደቀ። የላሜራው መሣሪያ ግን ተርፎ ስለነበር እንግሊዝ አገር ዊትኒ ውስጥ ሙሉ የሚኒ አካል በዚያው በድሮው መሣሪያ ተጭኖ ይወጣል። የሚኒ ባለቤቶችን እቀናባቸዋለሁ። ብዙም አልደብቀውም።

የእኔ ትልቁ ጸጸት ሻንሲው ነው። የሬኖ 4 ሻንሲ ለብቻው የሚፈታ ነው፤ ላሜራው ከላይ በብሎን ይቀመጣል። አዲስ፣ ዝገት እንዳይዘው ዚንክ የተነከረ ሻንሲ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ግን የድሮውን አልተውም ብዬ በየዳሁ፣ በተለይ እነዚያ ዘንጎች የሚታሰሩበት የኋላው ቦታ ላይ። ብየዳው ያምር ነበር። በዘጠነኛው ወር ከሥር አንድ የቀለም እብጠት አየሁ። በጥፍሬ ነካሁት፣ ጥፍሬ ገባ። ክብደት የሚሸከም ቦታ ስለሆነ ጨርሶ አይናቅም። መኪናዋን ከማቅለማችሁ በፊት ከሥሯ ገብታችሁ እዚህ ጋ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ድምፁ ከደነቆረ ላሜራ አትለጥፉ፣ ሻንሲውን ቀይሩ።

ለዕለት ሥራ ትሆናለች ወይ? በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ አዎ። በየቀኑ ፈጣን መንገድ ላይ ለሚመላለስ ሰው፣ አይመስለኝም። ኤርባግ የለም፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን (ኤቢኤስ) የለም፣ ልጆች ስጭን እኔው ራሴ እጨነቃለሁ። ጥገናው ቀላል ነው። የሚቀባ ግራሶ የላትም፤ ከመጀመሪያው እንዲያ ተብላ ነው የተሠራችው። ለሙቀት ደግሞ የተዘጋ የውሃ ሥርዓት አላት፣ በ1961 ለርካሽ መኪና ይህ አዲስ ነገር ነበር። አንድም ቀን አፍልታ አታውቅም።

ደግሜ እገዛት ነበር? እገዛት ነበር፣ ሻንሲዋን ቀድሜ አይቼ። ጂቲኤሏን ለሞተሯ ስል እመርጥ ነበር። ሌላ የድሮ መኪና የምታስቡም ከሆነ ከቀለሙ በፊት መለዋወጫ ሻጭ ጋ ደውሉና ስለ በር ጎሚኒ ጠይቁ። ሻጩ ከሳቀ ተዉት።

አዲሱ ሻንሲ ታዟል። ላሜራው በሚነሳበት ቀን የቀኙን የኋላ በር ጎሚኒ ለሦስተኛ ጊዜ እቀይራለሁ። ይሄኛው የተሠራው መጋዘን ውስጥ ጨለማ ላይ ከቆየ፣ ፀሐይ ካልነካው ናሙና ነው ብለውኛል። በሩ በአንድ ጣት ከተዘጋ እጽፍላችኋለሁ።