ፍርድ ቤት ወይስ ግልግል፦ ገዢው የውጭ መንግሥት ሲሆን

ሐዋሳ የተሰፋ የደንብ ልብስ ለሌላ አገር መከላከያ ሚኒስቴር ተሸጦ ክፍያው ቢቀርስ?

ገዢው አሜሪካ ውስጥ ንብረት ካለው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው እዚያው መክሰስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የአሜሪካ ሕግ የንግድ ሥራን መንግሥታት በሌላ አገር ፍርድ ቤት ላለመከሰስ ካላቸው ከለላ ውጭ ያደርጋል። የሚታየው የግዢው ባሕርይ እንጂ ዓላማው ስላልሆነ፣ ለወታደር የተገዛ ልብስም ንግድ ነው። ክሱ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ጉዳዩ ከአሜሪካ ጋር መያያዝ አለበት። ክፍያው ኒውዮርክ ባለ ባንክ እንዲፈጸም ውሉ ካዘዘ ተስፋ አለ፤ ዱባይ ከሆነ ግን መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። መጥሪያውም ሕጉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል መድረስ አለበት፤ ከዚያ መንግሥቱ ለመልስ 60 ቀን ያገኛል።

ለትልቅ ውል ግልግል፣ ማለትም ተዋዋዮቹ በመረጧቸው ዳኞች ከፍርድ ቤት ውጭ መዳኘት፣ ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የግልግል ውሳኔ በሌሎች አባል አገሮችም እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀላቅላለች፤ በአባል አገር የተሰጠ ውሳኔ አሜሪካም ሲቀርብ ንግዱ ከአሜሪካ ጋር ተያይዟል ወይ የሚለው ጥያቄ አይነሳም። የዳኞች ክፍያ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል፣ ትንሽ ዕዳን ይበላዋል። በውሉ ውስጥ ያለው የግልግል አንቀጽ የግልግሉን መቀመጫ ከተማ፣ የዳኞቹን ቁጥርና ቋንቋውን ይጥቀስ፤ «ከክስም ሆነ ከንብረት እግድና አፈጻጸም ያለኝን ከለላ ትቻለሁ» የሚል ይጨመርበት። «አፈጻጸም»፣ ማለትም ፍርዱን ከንብረት ማስከፈል፣ ከተረሳ አሸናፊው ወረቀት ታቅፎ ሊቀር ይችላል። የኤምባሲ ሕንፃ እንደሆነ በየትኛውም መንገድ አይያዝም።